የሕዝብ ቤት ደጅ፦ ወደ ማዘጋጃ ቤትና ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የመግባት መብትና ሥርዓት

ሰበካ ጉባኤዎቻችን ከማዘጋጃ ቤት፣ ከወረዳ አስተዳደርና ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት ጋር የማይገናኙበት ወር ጥቂት ነው። የቤተ ክርስቲያን የይዞታ ማረጋገጫ፣ የአጥር ወይም የአዳራሽ ግንባታ ፈቃድ፣ የመቃብር ቦታ፣ የውኃ መስመር፣ የጥምቀተ ባሕር ዝግጅት፣ የችግረኛ ቤተሰቦች ዝርዝር፤ ይህ ሁሉ የሚያልቀው በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ነው። በወልድያ ከተማ፣ በመርሳና በሀብሩ ወረዳ የገጠር ቀበሌዎች የሚኖረው ምእመንም መታወቂያ ለማደስ፣ ልደትና ጋብቻ ለማስመዝገብ፣ የመሬት ደብተሩን ለማስተካከል፣ ግብር ለመክፈልና አቤቱታ ለማቅረብ ወደዚያው ይሄዳል። ስለዚህ የእነዚህ ቤቶች በር ለማን፣ መቼና በምን ሥርዓት እንደሚከፈት ማወቅ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የሚያስፈልግ ዕውቀት ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር ልናስተውል ይገባል። ካህን መስቀሉን ይዞ ወደ ጽሕፈት ቤት በር ሲቀርብ ዘበኛው ተሳልሞ መንገድ ይለቅለታል። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ የያዘ የሰበካ ጉባኤ አባልም ብዙ ጊዜ አይጉላላም። ከእነርሱ ኋላ በትር ተመርኩዛ የቆመች አረጋዊት ወይም ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣ ገበሬ ግን በዚያው በር ላይ «ዛሬ ስብሰባ ነው፤ ሰኞ ተመለሱ» ሊባሉ ይችላሉ። በሩ ሁልጊዜ የሚከፈትለት ሰው በሩ መኖሩንም አያስተውልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሩ ሰውን ፊት አይቶ መከፈቱ ቀርቶ ተጽፎ በተለጠፈና ተጠያቂ ባለው ሥርዓት እንዲከፈት ሰበካ ጉባኤ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ማስረዳት ነው።

ከደጅ ጥናት እስከ ማዘጋጃ ቤት

አማርኛችን ስለ ደጅ ብዙ ቃላት አሉት። ሹመት ወይም ፍርድ የሚፈልግ ሰው በንጉሥ ወይም በመኳንንት ደጅ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሲጠብቅ «ደጅ ጠና» ይባል ነበር። ማን እንደሚገባና ማን እንደሚቀር የሚለየው አጋፋሪ ነበር፤ ወደ ውስጠኛው ክፍል የሚያልፈውን የሚቆጣጠረው ደግሞ እልፍኝ አስከልካይ ይባል ነበር። «ደጃዝማች» የሚለው ማዕረግ እንኳ ከደጅ የተገኘ ነው። በዚያው ዘመን የተበደለ ሰው በሩቅ ሆኖ «አቤት! አቤት!» እያለ የሚጮኽበት ልማድም ነበረ፤ ዛሬ «አቤቱታ» የምንለው ቃል የመጣው ከዚሁ ጩኸት ነው። ከእነዚህ ቃላት የምንረዳው፣ በቀድሞው ሥርዓት መግባት በባለ ሥልጣኑ በጎ ፈቃድ የሚሰጥ ችሮታ እንደ ነበረ ነው።

የማዘጋጃ ቤት ሥርዓት በሀገራችን በሕግ የጸናው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 74 ከተሞች በማዘጋጃ ቤት የሚተዳደሩበትን ደንብ አበጀ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን በቀበሌ አደራጀ፤ ከዚያ ወዲህ ቀበሌ ለሕዝብ የቅርቡ የመንግሥት ደጅ ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትና በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶችን የሕዝብ ውክልና ያላቸው አካላት አድርገው አቆሙ። ከዚህ በኋላ በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ያለው ሹም የሕዝብ አገልጋይ ነው፤ ቤቱም የሕዝብ ነው። ሕጉ እንዲህ ቢለወጥም የደጅ ጥናት ልማድ በአንድ ቀን አልጠፋም። ባለጉዳዩ ቆቡን አውልቆ መለመኑ፣ የጥበቃ ሠራተኛውም ራሱን እንደ አጋፋሪ መቁጠሩ የዚያ ልማድ ቅሪት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

«ማንም ሰው ወደ ማናቸውም የመንግሥት ሕንጻ በፈለገው ሰዓት ይገባል» የሚል ሕግ የለም። የመግባት መብት የሚመነጨው ከሌሎች መብቶች ነው። አገልግሎት የማግኘት፣ መረጃ የማግኘት፣ አቤት የማለትና የሕዝብ ጉባኤን የመከታተል መብት ያለው ሰው ይህን መብቱን ለመጠቀም በሩን ማለፍ አለበት። ስለዚህ በሩ ያለ በቂ ምክንያት ሲዘጋ የሚጣሰው ከበሩ በስተጀርባ ያለው መብት ነው።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ እንዲከናወን ያዝዛል። በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ይደነግጋል። በአንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘትን ነጻነት ያረጋግጣል። በአንቀጽ 41 በሕዝብ ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀምን መብት ይሰጣል፤ መንግሥትም ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን አቅም በፈቀደ መጠን እንዲረዳ ግዴታ ይጥልበታል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስብሰባዎች በመርሕ ደረጃ በግልጽ እንደሚካሄዱ፣ ዝግ የሚሆኑትም በተወሰነ ሥርዓት ብቻ እንደሆነ በአንቀጽ 58 ተጽፏል። ይህ የፌዴራሉን ምክር ቤት የሚመለከት ድንጋጌ ቢሆንም፣ የሕዝብ ጉባኤ በመርሕ ክፍት፣ በልዩ ምክንያት ብቻ ዝግ መሆን እንዳለበት መልካም መለኪያ ይሆናል።

ከሕገ መንግሥቱ ቀጥሎ ለዕለት ሥራችን ይበልጥ የሚጠቅመን በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። ይህ አዋጅ ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካላት እጅ የሚገኝን መረጃ የመጠየቅና የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የመንግሥት አካላትም የሚሰጡትን አገልግሎት፣ የውሳኔ አሰጣጥ ሥርዓታቸውንና አቤቱታ የሚቀርብበትን መንገድ ሳይጠየቁ ለሕዝብ እንዲያሳውቁ ግዴታ ይጥልባቸዋል። የመግቢያ ሰዓትና የመግቢያ ሥርዓት ከዚሁ ወገን ሊቆጠር የሚገባው መረጃ ነው። ሐሳቡ በዓለም ላይ አዲስ አይደለም፤ ስዊድን ሕዝብ የመንግሥትን ሰነዶች እንዲመለከት የሚፈቅድ ሕግ ያወጣችው እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1766 ነበር።

የተዘጋ በር የሚያስከፍለው ዋጋ

በበር ላይ መመለስ ትንሽ መጉላላት ብቻ ሊመስል ይችላል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባን ምሳሌ አድርገን እንመልከት። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በተከሰተ በ90 ቀናት፣ ጋብቻና ሞት ደግሞ በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገቡ ያዝዛል። ምዝገባው የሚከናወነው በቀበሌ ደረጃ ነው። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ከአርባው ቀን ተዝካር በፊት ከቤቷ መውጣት ተቸግራ ቆየች እንበል። ወይም በሃያ አምስተኛው ቀን ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዳ «መዝጋቢው የለም»፣ በማግስቱም «ዛሬ ስብሰባ ነው» ተባለች፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ የበዓል ቀን ሆነ እንበል። ጊዜው ያልፍባታል። ከጊዜው በኋላ መመዝገብ ቢቻልም ተጨማሪ ማስረጃና ወጪ ይጠይቃል። የሞት ማስረጃ ካልተገኘ የውርስ፣ የጡረታና የመሬት ይዞታ ጉዳይ ሁሉ ይዘገያል። ጋብቻን የምንባርከውና ሙታንን የምንቀብረው እኛ ነንና፣ ምእመናን በእነዚህ ቀናት ውስጥ በሩን ማለፍ አለማለፋቸው ይመለከተናል።

የገበሬውም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ከግራና ወይም ከሊብሶ አካባቢ ወደ መርሳ የሚወርድ ሰው አንድ የሥራ ቀን ይሠዋል፤ ለመጓጓዣና ለምሳም ያወጣል። በመኸር ወይም በእርሻ ወራት ከሆነ የሚያጣው ከዚያም ይበልጣል። የጥበቃ ሠራተኛው «ነገ ና» ሲል አንድ ቃል ብቻ መናገሩ ነው፤ ለባለጉዳዩ ግን ቃሉ ሁለተኛ ጉዞ ነው።

ሦስቱ የቤቱ ክፍሎች

ጥያቄያችን አግባብ ያለው እንዲሆን፣ በአንድ የመንግሥት ሕንጻ ውስጥ ያሉትን ቦታዎች በሦስት ከፍለን ማየት ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ለሁሉ ክፍት የሆነው ክፍል ነው። የአገልግሎት መስጫ መስኮቶች፣ የመቀመጫ ቦታ፣ መዝገብ ቤት፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የገንዘብ መክፈያ፣ መጸዳጃ ቤትና በጉባኤ ጊዜ የምክር ቤቱ የታዳሚዎች ስፍራ ከዚህ ይመደባሉ። ወደዚህ ክፍል ለመግባት ባለጉዳዩ በሥራ ሰዓት መምጣቱና በፍተሻ ማለፉ ሊበቃ ይገባል።

ሁለተኛው በቀጠሮ ወይም በፈቃድ የሚገባበት ነው። የከንቲባው፣ የወረዳው ዋና አስተዳዳሪና የክፍል ኃላፊዎች ቢሮዎች እንዲሁም የስብሰባ አዳራሹ ከዚህ ይመደባሉ። እዚህ ላይ መጠየቅ ያለብን ቀጠሮ የሚያዝበት መንገድ መታወቁንና ኃላፊው ባለጉዳይ የሚያነጋግርበት ቀን በግልጽ መለጠፉን ነው።

ሦስተኛው ለሕዝብ ዝግ የሆነው ክፍል ነው። የገንዘብ ማስቀመጫ፣ የሰነድ ማኅደር፣ የኮምፒውተር መረጃ ማዕከልና የጦር መሣሪያ ማስቀመጫ ክፍል ከዚህ ይመደባሉ። የእነዚህ መዘጋት ተገቢ ነው፤ በማኅደሩ ውስጥ ያለው የእኛና የጎረቤቶቻችን የግል ሰነድ ነውና። ባለጉዳዩ ሰነዱን ማየት ከፈለገ ሰነዱ ወደ እርሱ ይመጣለታል እንጂ እርሱ ወደ ማኅደሩ አይገባም።

ችግር የሚፈጠረው ብዙ ጊዜ ሦስቱ ሲደባለቁ ነው። ለኃላፊው ቢሮ የሚያስፈልገው ቀጠሮ ለመዝገብ ቤትም ሲጠየቅ፣ ወይም በአዳራሹ ስብሰባ ስላለ የግብር መክፈያው መስኮት ሲዘጋ፣ የሁለተኛው ክፍል ሥርዓት ወደ መጀመሪያው ተሻግሯል ማለት ነው። ስብሰባ መኖሩ የአገልግሎት መስኮቱን ለመዝጋት በራሱ በቂ ምክንያት አይሆንም፤ ቢያንስ አንድ ሠራተኛ በመስኮቱ መቅረት አለበት።

ፍተሻና ጥበቃ

አካባቢያችን ያለፈበትን መከራ የምናውቀው ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ወልድያ፣ መርሳና አካባቢው ገብቶ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ሲቆይ ሕዝቡ በብርቱ ተጎድቷል፤ ጽሕፈት ቤቶች፣ የሕክምና ተቋማትና ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በክልሉ ባለው የጸጥታ ሁኔታ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ በመንግሥት ሕንጻዎች በር ላይ ጥበቃ ቢጠብቅ የሚያስገርም አይደለም። የጥበቃ ሠራተኛውም ሕይወቱን ለአደጋ አጋልጦ የሚሠራ ወንድማችን ነው።

ይሁን እንጂ ፍተሻ ሌላ፣ ክልከላ ሌላ ነው። ፍተሻ የሚጠይቀው «ምን ይዘሃል?» ብሎ ነው። «ማን ነህ? የማን ወገን ነህ?» ወደሚለው ሲያልፍ ግን ከደኅንነት ጥበቃ ወጥቶ ወደ አድልዎ ይገባል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 ማንኛውም ሰው በአካሉና በንብረቱ ላይ ያለ አግባብ ከሚደረግ ፍተሻ የመጠበቅ መብት እንዳለው ስለሚደነግግ፣ ፍተሻው ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ በሥርዓት የሚከናወንና ክብርን የማይነካ ሊሆን ይገባል። ሴቶች በሴት ፈታሽ ይፈተሹ። የአረጋውያን ምርኩዝና የዓይነ ስውራን በትር በር ላይ አይያዝባቸው፤ በትሩ ለእነርሱ እግርና ዓይን ነው። ስልክ ወይም ሌላ ዕቃ በበር ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ባለቤቱ ቁጥር ያለው ምልክት ይሰጠው።

መታወቂያን በሚመለከትም አንድ የታወቀ ችግር አለ። መታወቂያ የጠፋበት ወይም በስደት የመጣ ሰው፣ መታወቂያ ወደሚሰጥበት ጽሕፈት ቤት ለመግባት መታወቂያ ሲጠየቅ መውጫ የሌለው አዙሪት ውስጥ ይገባል። ለዚህ መፍትሔው በበሩ ላይ ስምና የመጡበት ጉዳይ የሚመዘገብበት መዝገብ ማኖር፣ ወይም የሚታወቅ የቀበሌ ነዋሪ ምስክር ሆኖ እንዲያስገባ መፍቀድ ነው። ሰበካ ጉባኤያት ይህን ሐሳብ ለአስተዳደሩ ቢያቀርቡ ለብዙ ተፈናቃዮች ይጠቅማሉ።

ካህናት አባቶችም በበኩላችን መፈተሽን እንደ መናቅ አንቁጠረው። አባት በፈቃዱ እጁን ዘርግቶ ሲፈተሽ ሥርዓቱ ለሁሉ እኩል መሆኑን በተግባር ያስተምራል። እርሱ ሲዘለል ግን ቀጥሎ የሚዘለለው የሹሙ ዘመድ ይሆናል።

ደረጃው የከለከለው ሰው

በሩ ክፍት ሆኖም የማይገባ ሰው አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው ከዓለም ሕዝብ 16 ከመቶ ያህሉ ከባድ የአካል ጉዳት ያለበት ነው። ጦርነት ባለፈበት አካባቢ እግሩን ወይም ዓይኑን ያጣ ሰው እንደሚበዛ ደግሞ ማንም ይረዳዋል። ለእነዚህ ወገኖች ሦስት ደረጃ እንደ ቅጥር ግንብ ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንጻዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱና መራመድ ቢችሉም ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው ደነገገ፤ መጸዳጃ ቤትም ለእነርሱ የሚስማማ ሆኖ እንዲሠራ አዘዘ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃ ተቀብላለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 የሚናገረው ስለ ተደራሽነት ነው። ሕጎች በየጊዜው ስለሚሻሻሉ፣ ግንባታን የሚመለከት ጥያቄ ስታቀርቡ በሥራ ላይ ያለውን ድንጋጌ ከከተማው የሕንጻ ሹም ጠይቃችሁ ተረዱ።

ዝርዝሩን ለማየት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት የመወጣጫ ልክ አንድ ለአሥራ ሁለት ነው፤ ይኸውም ለ1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ማለት ነው። እያንዳንዳቸው 15 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ደረጃዎች ያሉት በር ከፍታው 45 ሴንቲ ሜትር ነው፤ መወጣጫውም 5 ሜትር ከ40 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ከዚህ ያጠረ ከሆነ ዳገቱ ተሽከርካሪ ወንበሩን ወደ ኋላ ይጥለዋል። የበሩ ስፋት ከ80 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ወንበሩ አያልፍም። ይህን በሜትር አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ሊለካው ይችላል።

ፎቅ ባለው ሕንጻ አሳንሰር ማሠራት ከወረዳ በጀት በላይ ሊሆን ይችላል። ያለ ምንም ወጪ የሚፈጸም መፍትሔ ግን አለ፤ ብዙ ባለጉዳይ የሚመጣባቸውን ክፍሎች ወደ ምድር ቤት ማውረድ ነው። ይህ ካልተቻለ ደግሞ በምድር ቤት አንድ ጠረጴዛ አዘጋጅቶ ባለሙያው በተወሰነ ሰዓት ወደ ባለጉዳዩ እንዲወርድ ማድረግ ይቻላል። የተጎዱ ሕንጻዎች በሚጠገኑበት ጊዜ መወጣጫ መጨመር በኋላ አፍርሶ ከመሥራት እጅግ ይቀልላል። ስለዚህ ማናቸውም የጽሕፈት ቤት ጥገና በታሰበ ጊዜ ሰበካ ጉባኤያት ጥያቄያቸውን ሥራው ሳይጀመር በፊት ያቅርቡ።

በቅፍርናሆም ሽባውን የተሸከሙት አራት ሰዎች በሩ በሕዝብ ብዛት ቢዘጋባቸው ጣራ ከፍተው እንዳወረዱት በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 እናነባለን። ያ ሰው ወደ ውስጥ የገባው ስለ እርሱ የተጨነቁ ሰዎች ስለነበሩት ነው። ለተሸካሚዎች የተሰጠው ድርሻ ዛሬ የእኛ ነው።

የሕዝብ አዳራሽ

የከተማና የወረዳ አዳራሾች ለስብሰባ፣ ለሥልጠናና ለበጎ አድራጎት ዝግጅት ይጠየቃሉ። እዚህ ላይ ሁለት መርሖዎችን ማስታወስ ይገባል። አንደኛው፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል፤ ስለዚህ የመንግሥት አዳራሽ ለየትኛውም ቤተ እምነት የተለየ መብት አይሰጥም። ሁለተኛው፣ ለአንዱ የተፈቀደ በተመሳሳይ ሁኔታ ለሌላው ሊከለከል አይገባም። በወሎ ምድር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ እድር የሚቀባበሩ ጎረቤቶች ናቸውና፣ ለእኛ የተፈቀደው አዳራሽ ለጎረቤታችን ቢከለከል ዝም ማለት አይገባንም። አድልዎ ዛሬ ለእኛ ቢያደላ ነገ በእኛ ላይ ይዞራል።

ጥያቄው በደብዳቤ ይቅረብ። የዝግጅቱ ዓላማ፣ ቀንና ሰዓት፣ የሚጠበቀው የሰው ብዛትና ኃላፊነት የሚወስደው ሰው ስም ይገለጽበት። ክፍያ ካለ በሕጋዊ ደረሰኝ ይሁን። ደረሰኝ የሌለው ክፍያ ለሰጪውም ለተቀባዩም ነውር ነው። ከአዳራሽ ውጭ በአደባባይ የሚደረግ ሰላማዊ ሰልፍ ወይም የፖለቲካ ስብሰባ ግን የራሱ ሕግ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 3/1983 አዘጋጆቹ ከ48 ሰዓት በፊት ለአስተዳደሩ በጽሑፍ እንዲያሳውቁ ያዝዛል።

በሩ ሲዘጋ ምን ይደረጋል?

አበው «በሕግ አምላክ» ሲሉ እንኳን ሰው ወራጅ ውኃም ይቆማል ይሉ ነበር። የዚህ ቃል ኃይል በጩኸቱ ላይ አልነበረም፤ ሁለቱም ወገኖች ከበላያቸው ሕግ እንዳለ ማመናቸው ነበር። ዛሬም ያለ ጠብ፣ ደረጃ በደረጃ መሄድ ይሻላል።

አንደኛ፣ በበሩ ላይ በትሕትና ምክንያቱን መጠየቅ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተሰጠውን መልስ መጻፍ።

ሁለተኛ፣ የክፍሉን ኃላፊ ወይም የጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ ማነጋገር። አብዛኛው ጉዳይ እዚህ ያልቃል።

ሦስተኛ፣ በጽሑፍ ማመልከት። ደብዳቤው በመዝገብ ቤት ገቢ ይደረግ፤ በቀሪው ላይ ቀንና የገቢ ቁጥር ይጻፍበት። ገቢ ያልተደረገ ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

አራተኛ፣ መልስ ካልተገኘ ለቅሬታ ሰሚ አካል ማቅረብ፤ ጉዳዩ የብዙ ሰው ከሆነም ለወረዳው ወይም ለከተማው ምክር ቤት ተወካዮች ማሳወቅ።

አምስተኛ፣ የተከለከለው መረጃ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት በጽሑፍ መጠየቅ። አዋጁ ለመልስ የ30 ቀን ጊዜ ወስኗል። የተከለከለ ሰው ለተቋሙ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይችላል።

ሰበካ ጉባኤያት እንደ ሁኔታው እያስተካከሉ ሊጠቀሙበት የሚችሉት የደብዳቤ ናሙና ቀጥሎ ቀርቧል።

«ለ………… ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ የመግቢያ ሥርዓት እንዲገለጽልን ስለ መጠየቅ። የሰበካችን ምእመናን፣ በተለይም አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች፣ አገልግሎት ለማግኘት ወደ ጽሕፈት ቤታችሁ ሲመጡ እንዳይጉላሉ፣ ሀ) የአገልግሎት ቀንና ሰዓት፣ ለ) ለመግባት የሚያስፈልገው ማስረጃ፣ ሐ) የፍተሻው ሥርዓት፣ መ) ኃላፊዎች ባለጉዳይ የሚያነጋግሩበት ቀን፣ ሠ) ቅሬታ የሚቀርብበት ክፍልና ቁጥር በመግቢያው በር ላይ በጉልህ ተጽፎ እንዲለጠፍልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ለዚሁ ሥራ በምንችለው ሁሉ ለመተባበር ዝግጁ ነን።»

ይህ ደብዳቤ ማንንም አይከስም። መልካም ኃላፊ ደስ ብሎት ይቀበለዋል፤ ሥርዓቱ ሲለጠፍ የጥበቃ ሠራተኛውም ከየሰው ጋር መከራከሩ ይቀርለታልና። ከዕድርና ከሌሎች የእምነት ተቋማት ጋር በአንድነት ቢፈረም ደግሞ የበለጠ ይሰማል።

ሰበካ ጉባኤው ሊሠራቸው የሚችላቸው ጥቂት ነገሮች

ሁለት ወይም ሦስት አባላት፣ ቢቻል ከመካከላቸው አንድ አካል ጉዳተኛና አንዲት እናት ያሉበት፣ በቅርብ ያለውን ጽሕፈት ቤት በተራ ባለጉዳይ ዓይን ይጎብኙ። መስቀልና ማኅተም ሳይቀድም ከበር እስከ መስኮት ያለውን መንገድ ይመልከቱ። ያዩትን በጽሑፍ አስፍረው ለኃላፊው ያቅርቡ።

ከቅዳሴ በኋላ በሚሰጠው ማስታወቂያ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ የጊዜ ገደብ ይነገር። ቀብር በተፈጸመ ዕለት ለሟች ቤተሰብ ስለ 30 ቀኑ ማሳሰብ ከማጽናናት ጋር የሚሄድ አገልግሎት ነው።

ማንበብ የማይችሉትን፣ ዓይነ ስውራንንና መስማት የተሳናቸውን ወደ ጽሕፈት ቤት አብሮ የሚሄድ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ይመደብ። ወጣቱ ጉዳዩን ያስረዳል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ገቢ ያስደርጋል፤ በባለጉዳዩ ፈንታ ግን አይወስንም።

በመጨረሻም ወደ ራሳችን ደጅ እንመልከት። የሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤታችን የሚከፈትበት ቀንና ሰዓት በበሩ ላይ ተጽፏልን? የክርስትና ወይም የጋብቻ ማስረጃ የሚፈልግ ምእመን ጸሐፊውን ፍለጋ ስንት ጊዜ ይመላለሳል? ለአዳራሻችን መወጣጫ ሠርተናልን? የገቢና ወጪ ሂሳባችን ለምእመናን ይነበባልን? በ1965 ዓ.ም. የወጣውና በየጊዜው የተሻሻለው ቃለ ዐዋዲ ሰበካ ጉባኤን ያቋቋመው ካህናትና ምእመናን በአንድነት ቤታቸውን እንዲያስተዳድሩ ነውና፣ ከሌላው የምንጠይቀውን ግልጽነት አስቀድመን በራሳችን ማሳየት ይጠበቅብናል። በራሱ በር ላይ ሰዓቱን የለጠፈ ሰበካ ጉባኤ ማዘጋጃ ቤቱን «እናንተም ለጥፉ» ለማለት አፉ ይፈታል።

ይህን ሩብ ዓመት እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ አንድ ደብዳቤ ቢያስገባ፣ አንድ መወጣጫ ቢያስለካና አንድ ችግረኛ ወደ ጉዳዩ አብሮ ቢያደርስ፣ በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ የደጅ ጥናት ዘመን በእርግጥ እያለፈ መሆኑን ምእመናን በዓይናቸው ያያሉ። ሥራውን ለመጀመር ከወረቀትና ከሜትር በቀር የሚያስፈልግ ነገር የለም። እግዚአብሔር አገልግሎታችሁን ይባርክ።